ቴስተሮቼ ለምን ይለቃሉ ላልከው

ወንድሜ፣ «በአንድ ዓመት ሦስት ቴስተር ለቀቁብኝ፣ ደመወዝም ጨምሬ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ምን ቢደረግላቸው ነው ደስ ብሏቸው የሚሠሩት?» ብለሃል። እኔ በዚህ ሥራ፣ ሶፍትዌር ለደንበኛ ሳይሰጥ እየፈተሹ ስህተቱን በማውጣት፣ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ደመወዝ ቀልድ አይደለም። ኮዱን ለሚጽፈው ዴቨሎፐር የምትከፍለውን ግማሽ እየሰጠሃቸው «አንድ ቡድን ነን» ብትል ማንም አይሰማህም። ጨምረህም ከሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴን የለቀቅኩት በጳጉሜን ምክንያት ነው።

አትሳቅ። ቢሯችን ካዛንቺስ ነበር፣ ሰፈሩ እንዲህ ሳይፈርስ። የአንድ ደንበኛ የምዝገባ ሲስተም እየፈተሽኩ የልደት ቀን ላይ ጳጉሜን 6፣ 2007 ብዬ ባስገባ «የተሳሳተ ቀን» አለኝ። 2003ንም 2011ንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆን ለሲስተሙ የነገረው የለም። ስክሪንሾት አያይዤ ቲኬት፣ ማለትም የስህተት ማስታወሻ፣ ጻፍኩ። ዴቨሎፐሩ «በዚያች ቀን የተወለደ ስንት ሰው አለ?» ብሎ ዘጋው። መልሼ ከፈትኩት፣ መልሶ ዘጋው።

ጳጉሜን 6፣ 2015 ሰኞ ዋለ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሰው ዶሮና በግ ይዞ ሲራወጥ የእኛ ሲስተም የዕለቱን ቀን አልቀበልም ብሎ ምዝገባው ቆመ። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ያለኝ ምን መሰለህ? «ይሄን ቴስት አላደረግሽውም እንዴ?» ቲኬቱን ከፍቼ አሳየሁት። አየው፣ ምንም ሳይል ሄደ። ጥቅምት ሳያልቅ መልቀቂያዬን አስገባሁ።

አሁን ያለሁበት ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ኮድ ሳይጻፍ በፊት የቡድን መሪያችን ጠርቶኝ «አንቺ ብትሆኚ የት ላይ ትሰብሪዋለሽ?» አለኝ። የስም ፍለጋው ላይ አልኩት፤ ሰውየው «ኃይሉ» ተብሎ ተመዝግቦ ጸሐፊዋ «ሀይሉ» ብላ ብትፈልገው አይገኝም። ከመጀመሪያው ታሰበበት። ሥራው ካለቀ በኋላ ግማሽ ቀን ደንበኛው መስኮት ጋ ተቀምጬ እንዳይ ላኩኝ። ጸሐፊዋ «ሀይሉ» ብላ ጻፈች፣ «ኃይሉ» ወጣላት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጣዩን ሰው ጠራች። እስከ ስታዲየም ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የሄድኩት።

ሌላው ትንሽ ትንሽ ነው። ባገኙት ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ብዛት አትለካቸው፤ የበተን ቀለም እየቆጠሩ ይሞሉልሃል። ዴቨሎፕመንቱ ሲዘገይ የአምስት ቀኑን ፈተና ሐሙስ ማታ ላይ አትጨምቀው። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ሪግሬሽን፣ አዲስ ለውጥ የድሮውን እንዳላበላሸ የሚታይበትን ፈተና፣ በእጁ የሚደግም ሰው ይደነዝዛል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲደግመው አውቶሜት የሚያደርግበት ጊዜ ስጠው። የአይኤስቲኪዩቢ (የቴስተሮች ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት) ፈተና ብትከፍልላቸውም ጥሩ ነው፣ ግን ሰርተፍኬቱን ይዞ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ።

ለጊዜው ጂራ (ቲኬቶቹ የሚመዘገቡበት ሲስተም) ግባና ሦስቱ የጻፏቸውን ቲኬቶች አውጣቸው። የትኛው ምን ተብሎ እንደተዘጋ፣ ማን እንደዘጋው አንብብ።