መልስ፦ ሉፐስ ጥናት ቡድን ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ከደሴ የጻፍሽው እህቴ፣ «ሉፐስ ያለባትን ታናሼን ዩኒቨርሲቲው ጥናት ውስጥ ግቢ ብሏታል፤ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» ላልሽው፦

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የመገጣጠሚያ ሐኪሙ ወደ ጥናቱ መግቢያ መስፈርቱን ያያል። ብዙ ጥናቶች የ2019ኙን የሉፐስ መለያ መለኪያ ይዘዋል፦ ኤኤንኤ (የራስን ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚለካበት ምርመራ) ቢያንስ 1፡80፣ የምልክቶቹና የምርመራዎቹ ድምር ነጥብም 10 እና ከዚያ በላይ። ኩላሊት ከተነካ የኩላሊት ሐኪምና ከኩላሊቱ የተወሰደውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ፓቶሎጂስት ይጨመራሉ። የጥናቱን ቁጥሮች የሚያሰላውን የስታቲስቲክስ ባለሙያ አታዩትም።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ናሙና ላይ ነው፤ እኔ ብሆን ነርሷንና የላብራቶሪ ባለሙያውን እወዳጃለሁ። ለሴረም (ደም ከረጋ በኋላ ለሚለየው ፈሳሽ) የተቀዳ ደም 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይረጋል፣ በሴንትሪፊውጅ ይለያል፣ ከዚያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል። ሳይለይ በኮምቦልቻ ሙቀት ከዋለ የኮምፕሊመንቱ (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ጉልበት ይወርድና በሽታው የተቀሰቀሰ ያስመስላል። ቱቦው ከተናጠ ቀይ ሴሉ ይፈነዳል፤ ደግመው ይወጓታል። ሽንቱ የጠዋቱ የመጀመሪያው ይሁን፣ እሱም መሃሉ። በወር አበባዋ ሰሞን አትስጥ፣ ደሙ ከኩላሊት የመጣ ይመስላል።

የፈቃድ ወረቀቱን በአማርኛ ጠይቁ፤ ከጥናቱ ብትወጣ ሕክምናዋ አይቋረጥም። የሉፐስ መድኃኒቷን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ደግሞ «ለምርመራ ነው» ብላ በራሷ እንዳታቆም።