«ቤት ማብሰል ይረክሳል» በሚለው ሂሳብ ውስጥ እኔ የለሁበትም

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ጉዳዩ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኛን ግን ሰላም እየነሳን ስለሆነ ምክርዎን እሻለሁ።

ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኔም ባለቤቴም ሙሉ ቀን ሥራ ውለን ነው የምንገባው። ማታ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ልጆቹ «ምን እንበላለን?» ይሉኛል። አባታቸው ቀድሞኝ ቢገባ እንኳ ጥያቄው የሚጠብቀው እኔን ነው። ጉልበት ሲኖረኝ አበስላለሁ። ሳይኖረኝ ወይ ወጥተን እንበላለን፣ ወይ በስልክ አዝዤ ቤት ድረስ ይመጣልናል። በቅርቡ ይሄ ማዘዙ እየበዛ መጣ።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ አለ። አንድ ቀን ውጭ በልተን የከፈልነውን ከላይ፣ ያንኑ ምግብ እቤታችን ብናበስለው ሩዙ፣ ሥጋው፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ የሚያወጣውን ከታች ጻፈና ልዩነቱን አስምሮበት አሳየኝ። «ይኸውልሽ፣ ገንዘባችን የሚያልቀው እዚህ ነው» አለኝ። ቁጥሩ ትክክል ስለነበር የምመልሰው አጣሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቤቱ ያስባል፣ ለልጆቹ ትምህርት ማጠራቀም ይፈልጋል። ነገር ግን ያንን ወረቀት ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ውስጤን ይከነክነኛል። እዚያ ሂሳብ ውስጥ እኔ የለሁበትም። የምገዛው፣ የምልጠው፣ የምከትፈው፣ እሳት ዳር የምቆመው፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ድስት የምፈትገው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ ዋጋው ዜሮ ተብሎ ነው የተደመረው።

እውነቱን ለመናገር በማዘዙም ደስተኛ አይደለሁም። የሚመጣው ምግብ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ ይደርሳል፤ ልጆቹ ግማሹን ይተዉታል። ለሳምንቱ ብዬ የገዛሁት አትክልት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ጠውልጎ ይጣላል።

ውጭ መብላት በእርግጥ ኪሳራ ነው? ወይስ ቤት ማብሰል የሚረክሰው ድካሜ ስለማይቆጠር ነው? ለባለቤቴስ ሳንጣላ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

አክባሪዎ፣
ሂሳቡ ውስጥ የሌለችው

መልስ

ውድ እህቴ፣

የባለቤትሽ ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምሩ ግን ጎዶሎ ነው። የጎደለውን ደግሞ አንቺው ራስሽ አግኝተሽዋል።

ለምግብ ቤት የምንከፍለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ምግብ ቤቶች ዋጋ ሲተምኑ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከመሸጫ ዋጋው ሲሶ ገደማ እንዲሆን ያደርጋሉ። ቀሪው ለአብሳዩና ለአስተናጋጁ ደመወዝ፣ ለኪራይ፣ ለማገዶና ለመብራት፣ ለግብር፣ ተበላሽቶ ለሚጣለው ዕቃ ይውላል። ለባለ ምግብ ቤቱ የሚተርፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። እንግዲህ ባለቤትሽ ካሰመረበት ልዩነት ውስጥ ትልቁ ክፍል የባከነ ገንዘብ ሳይሆን የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። ለላጠው፣ ለከተፈው፣ ላማሰለው፣ ላጠበው ሰው የተከፈለ ነው። ምግቡ ቤት ሲበስል እነዚህ ሥራዎች የትም አይሄዱም፤ ያለ ክፍያ ይሠራሉ እንጂ። ማን እንደሚሠራቸው ደግሞ ደብዳቤሽ ይናገራል።

በዚህ ብቻሽን አይደለሽም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ 76.2 በመቶውን ሰዓት የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። ከወንዶች ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። «ቤት ማብሰል ርካሽ ነው» የሚለው አባባል በየቤቱ እውነት መስሎ የቆየው በዚህ ጉልበት ላይ ቆሞ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የሚታየኝ የቤታችሁ ጭቅጭቅ ምግብ ውድ ነው ርካሽ ነው የሚል ሳይሆን የአንድ ሰው ድካም ሥራ ተብሎ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ነው።

እንዲህ ስልሽ ግን «እንግዲያው ውጭ ብሉ» ማለቴ አይደለም። ጉልበትሽ ተቆጥሮም ቢሆን ለእናንተ ቤት ማብሰሉ ያዋጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አራት ናችሁ። ለአራት ሰው የሚሆን ምስር ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜ ለአንድ ሰው ከሚፈጀው እምብዛም አይበልጥም፤ ድስቱም አንድ፣ እሳቱም አንድ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ሂሳቡ በሰው ቁጥር ይባዛል። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢጽፍልኝ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር። ለአንድ አፍ ተብሎ የሚገዛው ቅመምና አትክልት ግማሹ ሳይነካ ይበላሻል፤ ለአንድ ሳህን ብሎ ድስት ማጠቡም ያሰለቻል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጠነኛ ቦታ ላይ ምሳ መብላት ወጪው ከቤቱ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። እናንተ ግን እዚያ ውስጥ አይደላችሁም።

በባለቤትሽ ወረቀት ላይ ሌሎችም የቀሩ ነገሮች አሉ። ከውጭው በኩል መጠጡ አለ። ለስላሳና ውሃ ምግብ ቤት ውስጥ በችርቻሮ ከሚሸጡበት ዋጋ በብዙ ይበልጣሉ፤ ለአራት ሰው ሲታዘዙ ሳይታሰብ ሂሳቡን ያሳብጡታል። ቤት ድረስ ሲመጣ ደግሞ የማድረሻ ክፍያ አለ። ከቤት በኩል የቀረው የሚጣለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ፣ ከዚህም 60 በመቶው ከየቤቱ የተጣለ እንደሆነ ገልጿል። የምግብ ቤቶችና የመሰሎቻቸው ድርሻ 28 በመቶ ነበር። ፍሪጅሽ ውስጥ የጠወለገው አትክልት ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ስለዚህ ቤት የበሰለው ምግብ ላይ መደመር አለበት። ይህም ቢደመር ግን ለአራት ሰው ቤቱ ያሸንፋል።

ጤናን በሚመለከት አጠር ላድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ምግብ ቤት ደንበኛው ጣፍጦት እንዲመለስ ይፈልጋል፤ ለዚያ ቅርቡ መንገድ ደግሞ ጨውና ቅባት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4 ገደማ ይሰጣሉ፤ ዘይቱ ትንሽ ሲጨመር ልዩነቱ ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቤት ስታበስሉ ጨውና ዘይቱ በእጃችሁ ነው። እጃችሁ ካልመጠነ ግን «የቤት ነው» መባሉ ብቻውን ጤናማ አያደርገውም።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። ውጭ የሚበላ ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም። ታስቦበት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ልጆቹ ልብስ ቀይረው፣ ማንም ሳይነሳ ሳይቀመጥ ተጨዋውቶ የሚበላ አለ። በድካም ብዛት፣ ሌላ አማራጭ ስለጠፋ የሚታዘዝም አለ። ሁለተኛው ቀዝቅዞ ይመጣል፤ ሁሉም በየስልኩ አቀርቅሮ ይበላዋል፤ ግማሹም ይጣላል። የምትከፍሉት ግን የመጀመሪያውን ያህል ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የእኔ ምክር የመጀመሪያውን አትንኩት ነው። በወር በጀታችሁ ውስጥ በግልጽ ይመደብለት፤ ባለቤትሽም ያንን ቀን ያለ ቅሬታ ይክፈል። መቀነስ ያለበት የድካሙ ትእዛዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በቁጣም በወረቀትም አይቀንስም። የሚቀንሰው ድካሙ ሲከፋፈል ነው።

ማታ ማታ የሚያደክምሽን ልብ ብለሽ እዪው። እሳቱ ላይ ያለው ጊዜ ትንሹ ነው፤ ምግቡ ሲበስል ቁጭ ማለት ይቻላል። ጉልበት የሚጨርሰው መወሰኑ፣ መላጡና መክተፉ፣ በኋላም እጥበቱ ነው። ሽንኩርት እየላጡ፣ ልጅ የቤት ሥራ እየጠየቀ፣ ካሮቱ ይበላሻል ወይስ ይደርሳል ብሎ ማሰብ፤ ይሄ ነው ሰው የሚጥለው። ስለዚህ መወሰኑን ከማታው አውጡት። በእረፍት ቀን ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ የሳምንቱን እራት ጻፉ፤ ግዢውም ከተጻፈው አይለፍ። ቶሎ የሚጠወልገው ቅጠላ ቅጠል በሳምንቱ መጀመሪያ ይበላ፤ ካሮትና ጥቅል ጎመን ለኋላ ይቆይ። ይህ ብቻ ፍሪጁ ውስጥ የሚበሰብሰውን በጣም ይቀንሰዋል።

በዚያው ቀን የሳምንቱ ሽንኩርት በአንድ ላይ ተከትፎ ይቁላላ፤ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ድስት ይጣድ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። በትልቁ ድስት እንዳለ ከገባ መሃሉ ለረጅም ጊዜ ሞቆ ስለሚቆይ ጥልቀት በሌላቸው ዝርግ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ አስገቡት። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልበለጠ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ የሚያልፈው ፍሪዘር ይግባ። ስታሞቁት እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ እንጂ ለብ ብሎ አይቅረብ። ሩዝ ላይ በተለይ አትዘናጉ። ጥሬው ሩዝ ላይ መፍላትን ተቋቁሞ የሚተርፍ ባክቴሪያ አለ። ሩዙ ውጭ ሲያድር ባክቴሪያው ይራባል፤ የሚተወው መርዝም ዳግም በማሞቅ አይጠፋም።

ቦሎቄ የምትወዱ ከሆነ ከዋዜማው ይዘፍዘፍ፤ ጠዋት ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይጣድ። ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ ስላለው ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ ነው እሳቱ የሚቀነሰው። ክዳኑ የሚቆለፈው የእንፋሎት ድስት ካላችሁ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በተለመደው ድስት ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ በዚህኛው ግን ግፊቱ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ሰዓታት የሚፈጀው ጥራጥሬ በጣም ባጠረ ጊዜ ይበስላል፤ ማገዶም ይቆጥባል።

ቤት ቢሠራ የማያዋጣም አለ። በብዙ ዘይት ተነክሮ የሚጠበስ ነገር ለአንድ እራት ብሎ ያን ሁሉ ዘይት ማሞቅ አያስፈልግም፤ እሱን ውጭ ስትወጡ ብሉት። ለአንድ ጊዜ ተብሎ ብዙ ዓይነት ቅመም የሚያስገዛውንም እንደዚያው።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። ተናደሽ ሳይሆን ረጋ ባላችሁበት ሰዓት ያንን ወረቀት አምጪውና ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሪበት፤ «ይህን ማን ይሠራዋል? ስንት ሰዓት?» የሚል። ዋጋ አትጻፊበት፤ ለሚስት ጉልበት የገንዘብ ተመን ማውጣት ሁለታችሁንም ያስቀይማል። ሰዓቱን ብቻ ጻፉ፤ እሱ ራሱ ይቁጠረው። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ገንዘብ መቆጠቡን እኔም እፈልጋለሁ። ቁጠባው ግን ከእኔ እንቅልፍ ብቻ መምጣት የለበትም። ከሳምንቱ እራት የተወሰነው ያንተ ይሁን።» ያንተ ይሁን ስትዪ ማገዝ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ አድርጊለት። የሚያግዝ ሰው «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማሰቡ አሁንም አንቺ ላይ ይቀራል። የእሱ ቀን ከሆነ ምን እንደሚበላ የሚወስነው፣ ያለውንና የሌለውን የሚያየው፣ የሚያበስለው፣ ድስቱንም የሚያጥበው እሱ ነው። ልጆቹም «ምን እንበላለን?» ብለው እሱን ይጠይቁ። አንቺ በበኩልሽ በእሱ ቀን ከኋላው ቆመሽ አታርሚው። ጨው በዛ፣ አቆራረጡ ወፈረ ማለት ከጀመርሽ ሥራው ተመልሶ እጅሽ ይገባል።

ማብሰል አልችልም ካለሽ ቀላል መነሻ አለ። ምስር እንደ ቦሎቄ መዘፍዘፍ አያሻውም፤ ተለቅሞና ታጥቦ ሲጣድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። እሱን ከሩዝ ጋር፣ በሌላው ቀን ደግሞ እንቁላል ከድንች ጋር ማቅረብ ከቻለ ሁለት እራት ያዘ ማለት ነው። ትልቁን ልጅ ምስር እያስለቀመ አጠገቡ ያቁመው።