ሴረም ሲነካው ፒኩ የሚሟሽሽ ሴንሰር

ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት በኤሌክትሪክ ከረንት የሚለካ ሰው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድ (እንደ መስታወት የለሰለሰ የካርቦን መለኪያ ጫፍ) ላይ ካርቦን ናኖቲዩብ አንጠባጥቤ ዶክሶሩቢሲን እለካለሁ። ባፈር (ፒኤቹ የማይዋዥቅ ፈሳሽ) ውስጥ ፒኩ፣ ማለትም የመድኃኒቱ የከረንት ጉብታ፣ ቆንጆ ነው። ሴረም (ከረጋ ደም የሚወጣው ፈሳሽ) ውስጥ ግን በየስካኑ፣ ቮልቴጁን እየቀያየርኩ በለካሁ ቁጥር፣ እየወረደ አምስተኛው ላይ ግማሹ ይቀራል። ናኖቲዩቡን ልጨምርበት?»

ወንድሜ፣ እንዳትጨምር። ሲግናል ሲወርድ ሁላችንም መጀመሪያ የሚታየን እሱ ነው፣ እኔም ስጀምር ስንቱን ኤሌክትሮድ አጥቁሬበታለሁ። ሽፋኑ ሲወፍር መድኃኒት ሳይኖርም የሚነበበው ከረንት ያብጥና ፒክህን ይውጠዋል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን እንለይ። ሴረም ውስጥ ከለካህ በኋላ ኤሌክትሮዱን አውጣ፣ በተጣራ ውሃ ቀስ ብለህ አለቅልቀው፣ መድኃኒት የሌለበት ንጹህ ባፈር ውስጥ ከተህ ስካን አድርግ። ፒኩ አሁንም ብቅ ካለ ዶክሶሩቢሲኑ ላዩ ላይ ተለጥፏል፤ ጠፍጣፋ ቀለበቶች ያሉት ሞለኪውል ስለሆነ ካርቦን ሲያገኝ ልጥፍ ነው የሚለው። ቀጥለህ የኤሌክትሮድ ጤንነት በሚፈተንበት ፌሪሳያናይድ በተባለው ጨው ውስጥ ሞክረው። ከሴረም በፊት በሁለቱ ፒኮች (በሂያጁና በተመላሹ) መካከል የነበረው ርቀት 80 ሚሊቮልት ገደማ ሆኖ አሁን 150 ካለፈ፣ ፕሮቲን ሸፍኖታል። ከነገርከኝ ተነስቼ እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከዶክሶሩቢሲኑ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሴረም ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ ኤሌክትሮዱ በደንብ የሚያገኘው ነፃውን ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ስካንህም ከባፈሩ ዝቅ ቢል አይግረምህ።

መፍትሔው ናሙናው ላይ ነው። የሴረሙን ፕሮቲን አሲቶናይትራይል በተባለው ማሟሚያ አዝቅጠው፣ ሴንትሪፊዩጅ አድርገህ ከላይ ያለውን የጠራውን ፈሳሽ ብቻ ውሰድ፣ ከዚያ በባፈር በደንብ አቅጥነው። ከዚህ በኋላም ሴረም ውስጥ ያሉት አስኮርቢክ አሲድና ዩሪክ አሲድ ካስቸገሩህ ከላይ ናፊዮን የተባለውን ፖሊመር ስስ አድርገህ ቀባ፣ ስስ ነው ያልኩት። ናፊዮን ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ እነሱም በፒኤች 7.4 ኔጌቲቭ ስለሆኑ ይገፋቸዋል፤ ዶክሶሩቢሲን ግን ፖዘቲቭ ስለሆነ ይስበዋል። ጣጣው፣ የሳበውን ቶሎ አይለቅም። ያለፈውን ናሙና ትዝታ ይዞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሽፋን አምስት ጊዜ አትለካ። በ0.05 ማይክሮን አሉሚና (የመወልወያ ዱቄት) ወልውለህ አዲስ ቀባ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ባፈር ላይ የሠራኸውን የካሊብሬሽን መስመር (ፒክን ወደ መድኃኒት መጠን የምትቀይርበትን) ለሴረም አትጠቀምበት። እዚያው ናሙና ላይ የታወቀ መጠን እየጨመርክ ለካ። የምታየው ከዜሮ በታች 0.6 ቮልት አካባቢ ያለውን የሪዳክሽን ፒክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ናይትሮጅን 10 ደቂቃ ንፋበት፣ ኦክስጅንም እዚያው ሰፈር ነው የሚረብሸው።

የሟሟውን ዶክሶሩቢሲን ከብርሃን ጋርደው፣ የቀጠነውን በዕለቱ አዘጋጅ፤ ብልቃጥ ላይ ተጣብቆ የሚቀር መድኃኒት ነው። ጓንት ደግሞ ሁለት ድርብ፣ የወለወልክበት ጨርቅም ከሌላው ቆሻሻ ጋር አይቀላቀል። ሴል የሚገድል ነገር ነው የያዝከው።

ይህን ስትጨርስ ናኖቲዩብ ያልተቀባውን ባዶ ኤሌክትሮድም በዚያው ናሙና ለካው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። እሱም ያንኑ ያህል ፒክ ከሰጠህ ናኖቲዩቡ ምንም አልሠራልህም።