ጉልላቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አምስቱን አሟሉ

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ። አንዱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከቁልቢ ወዲህ ካለች ገጠር፣ አንዱ ደግሞ ከሐረር አካባቢ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ እኔም የምለው ብዙ አለኝ።

ጥያቄ

«ሰላም እትዬ። እንደ ድሬ ልጅ አንቺ ልበልሽ። የምኖረው እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። የተወለድኩት ግን በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ባለች ትንሽ ጣቢያ ነው፤ አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ሰዉም ተበተነ። ክርስትና የተነሳሁባት ቤተ ክርስቲያን አሁን ሃያ አባወራ እንኳ የላትም። በዚያው አካባቢ ሌሎች ሁለት ትንንሽ አጥቢያዎች አሉ። ሦስቱንም የሚያገለግሉት አንድ ቄስ ናቸው፤ በሞተር ይዞራሉ። ከሦስቱም ተሰባስቦ በወር 2,500 ብር ያገኛሉ። እኛ ከተማ ያለን የአካባቢው ልጆች 45 ሆነን ማኅበር መሥርተናል። 340,000 ብር ሰብስበናል። ግማሻችን ቤተ ክርስቲያኗን አፍርሰን በብሎኬት እንሥራት፣ ጉልላትም እናውጣላት ይላል። ግማሻችን ለካህን ደመወዝ ይሁን ይላል። ልንጣላ ምንም አልቀረን። አንቺ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ስለሠራሽ ምን ትያለሽ?»

መልስ

እህቴ፣ ሳልዞር ልንገርሽ። ለአገልጋይ ይሁን። ለአንድ ቄስ ብቻ ግን አይደለም፤ ለአምስት ሰው ነው።

ለምን አምስት? ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከዚያ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ቄሳችሁ ብቻቸውን ኪዳን ያደርሳሉ፣ ያጥናሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ የሞተ ይፈታሉ። ሥጋ ወደሙ ግን አይኖርም። ልጅ ሲወለድ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ተጠምቆ የሚቆርበው ቅዳሴ ሲኖር ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ ልጅ የወለደች እናት ሕፃን አዝላ ከተማ ድረስ ትመጣለች ማለት ነው። ወይም ትቀራለች። ብዙዎቹ እየቀሩ እንደሆነ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

እኔ ይህን የተማርኩት በጸጸት ነው። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ሁለት የምርጫ ዘመን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት። በዚያን ጊዜ እንደናንተ ያለች አንዲት የገጠር አጥቢያ እንርዳ ተባለ። የደወል ቤት ሠራንላት። በጥሩ ድንጋይ፣ ከሩቅ የሚታይ። ተመረቀ፣ እልል ተባለ፣ ተመለስን። ስለ አገልጋዮቹ ኑሮ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ገንዘቡ በእጄ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለንግሥ ስሄድ አንድ ቄስ ሄደዋል። ዲያቆናቱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ለትምህርት ድሬ ገብቷል፣ አንዱ የቀን ሥራ ይዟል። በሩ ተቆልፏል። አጥሩ ሥር፣ ከቁርቁራው ጥላ፣ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ጭናቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። ፈትተው አሳዩኝ። ለመገበሪያ፣ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆን ስንዴ ነው። አንድ አንዱን ለቅመውታል። አንዲት ጠጠር፣ አንዲት የተሰበረች ፍሬ የለችበትም። «ሳምንቱን ሙሉ ስለቅመው ሰነበትኩ፤ ዓይኔም ደክሟል» አሉኝ። ያን ቀን ቤተልሔም፣ ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤት፣ ገብቶ የሚጋግረው አልነበረም። ስንዴውን መልሰው ቋጠሩት። ደወል ቤቱ ከበላያችን ቆሟል። ያን ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ገንዘባችሁ ልምጣ።

ለሁለት ቄስ 4,000፣ 4,000 ብር፣ ለሦስት ዲያቆን 1,500፣ 1,500 ብር ብንይዝ በወር 12,500 ይሆናል። በዓመት 150,000። በእጃችሁ ያለውን ብቻ ካወጣችሁ 340,000ው ሁለት ዓመት ከሩብ ያህል ቆይቶ ያልቃል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ማኅበር የሚሰበረው። እናንተ ግን 45 ናችሁ። እያንዳንዳችሁ በወር 200 ብር ብታዋጡ 9,000 ነው። የሚጎድለው 3,500 ብቻ። የሰበሰባችሁት ገንዘብ ጉድለቱን ብቻ ከሸፈነ ስምንት ዓመት ይሄዳል። ኑሮው እየናረ ስለሆነ ደመወዙን መጨመራችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ አምስት ዓመት በሉት። አምስት ዓመት ፊደል የቆጠረ ልጅ ዲያቆን የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ይህ ገንዘብ ለአንዷ አጥቢያ ብቻ ቢሆን በዛ ይባል ነበር። የእናንተ ዕድል ሦስቱ መቀራረባቸው ነው። አንድ ካህን በቀን ሁለት ጊዜ አይቀድስም። ልዑካን ከመቀደሳቸው በፊት 18 ሰዓት ይጾማሉ። ጠዋት አንዷ ጋ ቀድሶ ረፋድ ላይ ሌላዋ ጋ መድረስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እሑዶቹን ተከፋፈሉ። አንዱ እሑድ የአንዷ፣ የሚቀጥለው የሌላዋ፣ ሦስተኛው የሦስተኛዋ። ተራ ያልደረሳቸው ምእመናን ወዳለበት ይሂዱ። ወርኃዊ በዓላቱ ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ በጣም ይመቻል፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ቢሆን አምስቱ አብረው ይዞራሉ። ሦስቱ አጥቢያዎች ሰንበቴያቸውንም በዚያው ተራ ቢያደርጉት ዳቦና ጠላ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ቅር ሊላቸው ይችላል። «የእኛ ታቦት እያለ ለምን ሌላ ደብር እንሄዳለን» ይላሉ። ታገሷቸው። የታቦት ፍቅር ነው። ተራው ሲደርስና የራሳቸው ደብር በሰው ሲሞላ ያዩታል።

ለካህን የሚሰጥ ገንዘብ ግን በእጅ አይሰጥም። ይህን አደራ። ማኅበሩ በቀጥታ ከከፈለ ቄሱ የማኅበሩ ቄስ ይሆናሉ። ነገ ከአንዳችሁ ጋር ቅሬታ ቢፈጠር ደመወዛቸው ይቆማል። መንገዱ በሰበካ ጉባኤ ነው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ዓላማው ካህኑም ምእመኑም ወጣቱም በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ደብራቸውን እንዲያስተዳድሩ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ከፓትርያርክነታቸው በፊት የእኛው የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ ይህን አገር ያውቁታል። ቃለ ዓዋዲው በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የገጠር ካህን የሚኖረው ምእመኑ በሚያዋጣው ነው። ምእመኑ ብዙ በሆነበት አገር ገበሬው እህል ይሰፍርላቸዋል። እናንተ ጋ ደመወዝተኛው የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ሄደ። የሄደው ሰው ልጆች ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ሦስቱን ሰበካ ጉባኤዎች በአንድ ቀን ሰብስቡ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካህናቱን የሚመድበው ወረዳ ቤተ ክህነት ነው፤ ደብዳቤው ወደዚያ ይሂድ። ሂሳቡ በባንክ ይቀመጥ፣ በሦስት ፊርማ ይውጣ፣ እያንዳንዱ ብር በደረሰኝ ይሁን። በገንዘብ ያዥነቴ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሰው መስጠት የሚያቆመው ገንዘብ ሲያጣ ሳይሆን ደረሰኝ ሲያጣ ነው።

ከደመወዙ ላይ ለመሪጌታ ትንሽ ቀንሱ። ወይም ከሁለቱ ቄሶች አንዱ የአብነት ትምህርት ማስተማር የሚችሉ ይሁኑ። የአካባቢው ልጆች በፈረቃ ነው የሚማሩት፤ ግማሽ ቀን ነፃ ናቸው። ፊደል ይቁጠሩ፣ ዳዊት ይድገሙ፣ ግብረ ዲቁና ይማሩ። ሲደርሱ ሊቀ ጳጳሱ ዲቁና ይሰጧቸዋል። ከጎጃም ወይም ከጎንደር የመጣ ዲያቆን ሙቀቱ ይከብደዋል፣ ቤተሰቡ ይናፍቀዋል። የጣቢያው ልጅ ግን ለምዶታል። እናቱም እዚያው ናት።

ብሎኬት እንሥራ ያሉትን ልጆች አትናቋቸው። ክፋት የላቸውም፤ የእናታቸውን ቤት ማሳመር ነው የፈለጉት። አንድ ነገር ስጧቸው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ፣ በተለይ መቅደሱ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ እሱ ዛሬ ይጠገን። ጥቂት ቆርቆሮ፣ አንድ አናጢ፣ ሁለት ቀን። የቤተልሔሙ በርም ይታይ። ከዚያ ያለፈው ይቆይ። የብሎኬቱን ጊዜ ልጆቹ አድገው ሲቀድሱ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ

«ደብራችን ገብርኤል ነው። ከቁልቢ ብዙ አንርቅም። ታኅሣሥ 19 ንግሣችን ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ቁልቢ ይሄዳል። አምና ታቦቱን ያጀብነው አሥራ አምስት ሰው ነበርን። ቀኑን እንቀይረው የሚሉ አሉ።»

መልስ

ቀን አይቀየርም፤ የመልአኩ ቀን ነው። ቁልቢም ለማንም ሲባል አይቀርም። ራስ መኮንን ከአድዋ በኋላ ያሠሩት ደብር ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጂቡቲ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ከድሬ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግሩ የሚወጣውም ብዙ ነው። ያንን ሰው አትቀሙት።

ግን ተነጋገሩ። ስለት ያለበት ይሂድ። ስለት የሌለበት ይቅር። ደግሞም ስለት በማንኛውም ቀን ይገባል፤ ጥርና የካቲትም 19 አላቸው። ሌላው ሐምሌ 19 ነው፤ ቂርቆስና ኢየሉጣ። ያኔ ዝናብ ነው፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ያን ቀን መላው አጥቢያ በራሱ ደብር ይቅር፣ ንግሡን አድምቁት። ካህናታችሁ ግን በሁለቱም ቀን ከታቦታቸው አይለዩ። አሥራ አምስት ሰው ቢሆንም ከበሮው ይመታ።

ጥያቄ

«የምኖረው ከሐረር ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ክርስቲያኖቹ ሃያ ቤት አንሞላም። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑን የተከሉት፣ ውኃውን የቀዱት፣ አስከሬኑንም ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ያደረሱት የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አፎሻ፣ እንደ እኛ ዕድር ያለው ማኅበራቸው፣ ናቸው። አሁን አርባው ደርሷል። እንዴት አድርጌ ላስተናግዳቸው? ላስቀይማቸው አልፈልግም።»

መልስ

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። መልካም ሰው እንደነበሩ ከተሸከሟቸው ሰዎች ይታወቃል።

እናቶቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል። እኔ ያደግሁት ለገሃር አጠገብ ነው፤ ግድግዳ የምንጋራው ከሙስሊም ቤተሰብ ጋር ነበር። እናቴ ድግስ ሲኖራት መጀመሪያ የምታደርገው ጎረቤታችንን መጥራት ነው። አንድ በግ ትሰጣቸዋለች። የእነሱ ሰው ያርዳል። በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ጓዳ ይሠራል። እንጀራውን እሷ ትልካለች። በእኛ ግቢ አንድ ጥግ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጠላ ወደዚያ አይሄድም፤ ሻይ ወይም ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃ ይሄዳል። ሳህኑም ብርጭቆውም የእነሱ ነው። እነሱም ለኢድ እንደዚሁ ነበሩ፤ ለእኛ የሚሆነውን በግ አባቴ ነበር የሚያርደው።

አንተም እንዲሁ አድርግ። የአፎሻውን ሽማግሌ ዛሬ ሄደህ አናግራቸው። በአደባባይ አይሁን፤ ቤታቸው ሂድ። «አባባ፣ የአባቴ አርባ ነው፤ በጉን እናንተ እረዱት» በላቸው። ቀኑን ደግሞ እይ። ጾም ላይ ከዋለ ይቀልልሃል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሩዙ ለሁሉም ይሆናል፤ ሁለት ድስት አያስፈልግህም። ከረመዳን ጋር ከገጠመ ጠዋት ለፍትሐቱ የሚመጡትን አስተናግድ፤ የእነሱን ከመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰግዱት ሶላት፣ በኋላ አድርገው። ቴምርና ውኃ አስቀድመህ አዘጋጅ።

ፍትሐቱ ላይ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁህ ይሆናል። ፀሐዩ ከባድ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ ወንበር አስቀምጥላቸው፣ ውኃ የሚያቀብል ልጅም መድብ።