ኦልድ ታውን ቤት ለመግዛት ለምታስቡ

እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለን ሀበሾች ብዙዎቻችን ወደ ዌስት ኤንድ ነን፣ ከስራ ቤት ከቤት ስራ ስንል የፖቶማክን ወንዝ በመኪና ድልድይ ስንሻገር ብቻ ነው የምናየው። ኸረ ወንዙ ዳር ወዳለው አሮጌ ሰፈር፣ ወደ ኦልድ ታውን ውረዱ! ዳሽ የሚባለው የከተማው ባስ በፈረንጅ ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው፣ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ እስከ ወንዙ የሚወርደው ትሮሊ የሚባለው ባስም እንደዛው። ልጆች ካሏችሁ ድሮ ቶርፒዶ ይመረትበት የነበረው ፋብሪካ አሁን የአርቲስቶች ስቱዲዮ ስለሆነ ሲስሉ ሲቀርፁ ያያሉ፣ ኩዊን ስትሪት ላይ ደግሞ 7 ጫማ ስፋት ብቻ ያላት ቤት አለች፣ ሰውዬው በቤቱ ጎን ባለው መተላለፊያ ጋሪና ስራ ፈት ቢያስቸግረው በ1830 በእልህ ዘጋበት ይባላል (እኛ ብቻ አይደለንም እልኸኛ)። ዱክ ስትሪት ያለውን ፍሪደም ሀውስ ግን እንዳታልፉት፣ ጥቁሮች ታጉረው ወደ ደቡብ የሚሸጡበት የባሪያ ነጋዴዎች ቢሮ ነበር፣ ያንን ሳያዩ ሰፈሩን አየሁት ማለት ለኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ደግሞ አንዴ አይታችሁ ልባችሁ የሸፈተው፣ ቀስ በሉ። ከተማው በፈረንጅ 1749 የተቆረቆረ ነው፣ ያ ሁሉ የጡብ ቤት ከነዛፉ ከነድንጋይ ንጣፉ እስከዛሬ የቆየው ከ1946 ጀምሮ ህግ ስለሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ከመንገድ የሚታይ መስኮት ልቀይር፣ በረንዳ ልጨምር ብትሉ መጀመሪያ የከተማው ቦርድ ማፅደቅ ሊኖርበት ይችላል፣ ኮንትራክተር ጠርቶ ቅዳሜና እሁድ ጨርሶ መገላገል የሚባል ነገር የለም። ጋራዥ የሌለው ቤት ብዙ ነው፣ መንገድ ላይ ለማቆም ፐርሚት ያስፈልጋል፣ የሬገን ኤርፖርት አውሮፕላንም ከላይ አለ።

ዋናው ግን ውሃው ነው። ፖቶማክ እዚህ ጋ ከባህሩ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ስለሚል ኪንግ እና ዩኒየን ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ አንዳንዴ ዝናብ ሳይኖር ሁሉ ይጥለቀለቃል፣ ኤጀንት ደግሞ ቤት የሚያሳያችሁ በፀሐይ ቀን ነው። እናንተ ውሃው በሞላበት ሰዓት በእግራችሁ ሂዱና እዩት፣ ቤዝመንት ካለው ግድግዳውን ከታች አሽትቱት፣ ጎረቤትም ጠይቁ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ የመንግስት የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስራ እስኪጀምር 30 ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ዝናቡን ዜና ላይ ሰምታችሁ መደወል አይሰራም። ከተቻለ መጀመሪያ አንድ ዓመት ተከራዩ፣ ክረምቱንም ጎርፉንም የቱሪስቱንም ግርግር ካያችሁት በኋላ ፈርሙ።