የሕግ ምክር፦ ዳዶው ከመነካቱ በፊት

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ሞተሩ ከውስጥ፣ ድራይቩ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ክፍል) ከኋላ በውጭ በኩል የተገጠመ ነው። አንድ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ ጠግኖ መልሶ ገጠመልኝ። ከፍዬ ተረከብኩ። 20 ሰዓት ያህል እንደነዳሁት ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ፤ ስትታጠፍ ይብሳል። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አሁን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም። መካኒኩ «ውሃ ገብቶበት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ደረሰኙ ላይም «ዋስትና የለውም» የሚል ማኅተም አለ። ሌላ መካኒክ ነገ ፈትቼ ልጀምርልህ ብሎኛል። መብቴ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ለነገው መካኒክ ይደውሉና «ትንሽ ቆይ» ይበሉት። ይህን ከመብትዎ በፊት ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያሸንፉበት ማስረጃ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ነገ አንድ ዳዶ ከዞረ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

እርስዎ የገለጹት ምልክት ሞተሩና ድራይቩ በአንድ መስመር ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚታየው ነው። ከድራይቩ የሚመጣው ዘንግ በኋላው ግድግዳ ላይ ባለው ኩሽኔታ አልፎ፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ኮፕለር (የሞተሩን ኃይል ለዘንጉ የሚያቀብል ማያያዣ) ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ኮፕለሩን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ኩሽኔታው ይጮኻል፤ የኮፕለሩ ጎማ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ይለቃል። ያኔ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል።

ሥራውን በወጉ የሚሠራ መካኒክ ድራይቩ ወርዶ ሳለ የማስተካከያውን ባር፣ ማለትም መስመሩ የሚለካበትን የብረት ዘንግ፣ ያስገባል። ባሩ ከውጭ በኩሽኔታው አልፎ ኮፕለሩ ውስጥ በሁለት ጣት ግፊት ሊገባና ሊወጣ ይገባል። ጫፉ ግራሶ ተቀብቶ ሲወጣ የጥርሱ ምልክት ዙሪያውን እኩል መታየት አለበት። አንድ ደንበኛዬ ጋር ቆሜ ይህን አይቻለሁ። ባሩ ሲወጣ በላይኛው ጎኑ ግራሶው ተጠርጎ ብረቱ ያበራል፤ በታችኛው በኩል ግን ግራሶው እንደተቀባ ነው። ለዳኛ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ፎቶ አላውቅም።

ስለዚህ መካኒክዎን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁት፦ «ሞተሩን ስትመልስ ባሩን አስገብተህ ነበር?» በቴሌግራምም ይሁን በኤስኤምኤስ፣ መልሱ ተጽፎ ይምጣ። «በዓይኔ ነው የለካሁት» ካለ ትልቅ ነገር ሰጥቶዎታል። ይህ ሥራ በዓይን አይለካም።

አሁን ወደ ሕጉ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 መሠረት እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚቀበል ሰው አንድን ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት ግዴታ ይገባል። «ለፍቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃውም። ከእርሱ የሚጠበቀው በትክክል የገጠመ ሞተር ማስረከብ ነው። ማኅተሙም ብዙ አያስፈራዎት። በአንቀጽ 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን መገደብ ቢችሉም፣ ገደቡ ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር አንጠየቅም እስከማለት ነው። ሞተር አውርዶ መልሶ ሲገጥም መስመሩን አለመለካት ደግሞ በእኔ እምነት ጥፋት ነው። ከዚያም በላይ ማኅተሙን ያዩት ሥራው አልቆ፣ ገንዘብ ከፍለው ከሆነ፣ መቼ ተስማሙበት?

የእርሱን ክርክር ግን አይናቁት። የድራይቩን ክሮቼራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገውን መገጣጠሚያ) የሚሸፍነው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ ከተቀደደ ውሃ ይገባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ያጉረመርማል። ድምፁ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱ ያለው ዕቃው ላይ ነው። ኩሽኔታው ዝጎ ጎማው ተቀዶ ከተገኘ የእርስዎ ጉዳይ ይከብዳል። ሆኖም ድራይቩን ያወረደው እርሱ ከሆነ ጎማውን ከፊቱ አይቶታል ማለት ነው። ያኔም ያረጀ ከነበረ ለምን አልነገረዎትም?

ሌላም መውጫ አለው። ሞተሩ የተቀመጠበት እንጨት በስብሶ ከሆነ፣ በትክክል የተገጠመ ሞተርም ቀስ እያለ ይሰምጣል። በሳፖርቶቹ (ሞተሩን በተሸከሙት መያዣዎች) ሥር ያለውን እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ነካ ያድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ይህ ክርክር እዚያው ያልቃል። መፍቻው ከሰመጠም ቢያንስ እውነቱን አስቀድመው ያውቁታል፤ ፍርድ ቤት ቆመው ከሚሰሙት ይሻላል።

አሁን ሲፈታ እንዴት ይፈታ? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማንም ከመንካቱ በፊት በፊተኞቹ ሳፖርቶች ዳዶዎች ላይ የቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዳዶው በላይ የቀረውን የቡሎን ጥርስ ይለኩ፣ ማስመሪያው አብሮ እንዲታይ ፎቶ ያንሱ። የሞተሩ ከፍታ የሚስተካከለው በእነዚያ ዳዶዎች ነውና። ድራይቩ ሲወርድ ባሩ ይግባ፣ ቪዲዮ ይቀረጽ። የኮፕለርዎ ጎማ ስለተቃጠለ ግን መሃሉ ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህ የመጀመሪያው ልኬት ብቻውን አይበቃም። አዲሱን ኮፕለር ለመግጠም ሞተሩ መነሳቱ አይቀርም። ሲነሳ ሳፖርቶቹ ዳዶአቸው ሳይዞር አብረው ይነሱ። ተመልሶ እዚያው ሲቀመጥ፣ ዳዶ ከመነካቱ በፊት፣ ባሩ እንደገና ይግባ። የበፊቱ መካኒክ ሞተሩን በምን ከፍታ እንዳስረከበዎት የሚናገረው ይህ ልኬት ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያስተካክሉ። የወጣው ኮፕለርና ኩሽኔታ በከረጢት ታሽጎ እርስዎ ጋር ይቀመጥ። ዕቃውን መካኒኩ ጋር ትቶ የመጣ ደንበኛ ነበረኝ፤ በሳምንቱ ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ አገኘነው። ባለሙያው ምን ብሎ ይመስክር?

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ለመካኒኩ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። አንቀጽ 1772 ሌላኛው ወገን ውሉን አልፈጸመም ከማለት በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የትኛው ሥራ እንደተበላሸ፣ በምን ምልክት እንዳወቁት፣ በተመጣጣኝ ጊዜ መጥቶ በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል፣ ካልመጣ ደግሞ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚፈታና መጥቶ ማየት እንደሚችል ይጻፉ። መጥቶ ካየ ልኬቱን በኋላ ለመካድ ይቸግረዋል። ካልመጣ ተጠርቶ እንደቀረ ይመዘገባል። ከተቻለ የሚለካው ሰው አሁን ጥገናውን የሚረከበው መካኒክ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ገንዘብ የሚያገኝበት ምስክር ነው ተብሎ ይነቀፋል።

እስከዚያ ሞተሩን አያስነሱ፣ «ልሞክረው» ብለውም ቢሆን። ጉዳቱን እያወቁ ካባባሱት የተባባሰውን ሊያስከፍሉት አይችሉም። የሚጠይቁት የኮፕለሩን፣ የኩሽኔታውን፣ የማውረጃና የመግጠሚያውን ሂሳብ ነው። ጀልባዋ የገቢ ምንጭ ከነበረች የቆመችበትንም ቀናት ይጨምሩ፤ ግን የቀደመ ገቢዎን የሚያሳይ መዝገብ ይዘው።

ከውል የሚመነጭ ክስ በመደበኛው የ10 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አለው፤ አንቀጽ 1845 ነው። ሕጉ ለአንዳንድ ጉዳዮች አጭር ጊዜ ስለሚያስቀምጥ በዚህ አይዘናጉ። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ ጽፈው ለመካኒኩ ያድርሱ፣ የተቀበለበትንም ፊርማ ይያዙ።