ማሽኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ግርግሙ፦ ስለ ጥቅል ሳይሌጅ የተጠየቅኩትና የመለስኩት

ከአራት ኪሎ ጀርባ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ አምስት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ የበቆሎ ሳይሌጅ (አየር ሳያገኘው ታምቆ የቆየ እርጥብ መኖ፤ ባለሙያዎቹ ገፈራ ይሉታል) ለላሞቻቸው መስጠት የጀመሩ ጎረቤቶች ምን ዕቃ እንግዛ እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ያው የማውቀውን ልበል።

ሦስት ላሞች አሉኝ። ትልቁን ጥቅል ልግዛ ትንሹን?

ትንሹን፣ ወንድሜ። ትልቁ ክብ ጥቅል ከ500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እሱን ማንሳት የትራክተር ሥራ ነው፣ ትራክተር ደግሞ በአንተ በር አይገባም። ትንሹ 50 እና 60 ኪሎ ነው። ጎማ ጋሪ ካለህ ብቻህን ትገፋዋለህ። ደረጃ ካለ ለሁለት በባሬላ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጥቅል ከተከፈተ አየር ይገባዋል፣ መሞቅ ይጀምራል። በአንድ ሁለት ቀን ማለቅ አለበት። አንዷ ላም በቀን 20 ኪሎ ብትበላ ሦስቱ 60 ኪሎ ይጨርሳሉ። በቀን አንድ ትንሽ ጥቅል፣ አለቀ። ትልቁን ብትከፍት ሻጋታው ከላሞቹ ይቀድማል።

ግርግሙን ከምን ላሠራው?

እኔ በርሜል ለሁለት አሰንጥቄ ነው የጀመርኩት። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጎራ በል፣ በያጅ አይጠፋም። ግን በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቅ፤ የኬሚካል ከሆነ ተወው። ጠርዙንም አስጠቅልለው፣ ምላስ ይቆርጣል።

የእኔ ስህተት ከፍታው ላይ ነበር። ለጽዳት ይመቸኛል ብዬ ደረቷ ድረስ አስበየድኩት። ላሟ እያፈሰች ወደ ላይ ትወረውር ጀመር፣ ግማሹ ፋንድያ ላይ። ላም አንገቷን ደፍታ እንደምትግጥ ሆና ነው መብላት ያለባት። የግርግሙ ወለል ከቆመችበት 10 እና 15 ሳንቲ ከፍ ካለ ይበቃል። ለእያንዳንዷ 70 ሳንቲ ያህል ስፋት ስጥ፣ አለበለዚያ ጉልበተኛዋ ደካማዋን ታባርራለች።

ሲሚንቶ ካልክ በደንብ ይለስን። የሳይሌጅ አሲድ ሲሚንቶ ይበላል። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ይበሰብስና አዲሱንም ያበላሸዋል።

የሳር መቁረጫ ማሽን ያስፈልገኛል?

የበቆሎ ሳይሌጅ ተከትፎ ነው የሚጠቀለለው። ምኑን ትቆርጠዋለህ? ረጅም የሳር ሳይሌጅ ከሆነ ያነጋግራል። እኔ «ሁሉን ይፈጫል» ተብዬ ገዛሁ። ጭዱን እንደ ጉድ ከተፈው። እርጥቡ ሳር ግን ዘንጉ ላይ እንደ ክር ተጠቀለለ፣ ስፈታው ዋልኩ። ስለዚህ ሻጩ ፊትህ በእርጥብ ሳር ያስነሳው። ሞተሩ ሥሪ ፌዝ እንዳይሆንም እይ፣ የቤት መስመር አያስነሳውም።

የመኖ ማደባለቂያ ማሽንስ (ሚክሰር)?

ለአምስት ላም? አካፋና መንሽ። ፉሩሽካውንና ፋጉሎውን (ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈውን) ግርግሙ ውስጥ ሳይሌጁ ላይ በትኖ ማገላበጥ ነው።

ልጄ፣ ፕላስቲኩን በምን ልቅደደው?

እማማ፣ በስለታም ቢላዋ፣ ግርግሙ አጠገብ ሳይሆን ራቅ ብለው። ፕላስቲኩንም፣ ከሥሩ ያለውን ማሰሪያ መረብም መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ከበረት ያርቁት። አምና አንዷ ላሜ ስታኝክ ከአፏ ጫፍ መረብ አየሁ። ስስበው ክንድ የሚያህል ወጣ፣ በለሃጭ የተለወሰ፣ ትኩስ። ብትውጠው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀር ነበር። ሻጋታ ያገኙበትንም ለይተው ይጣሉት፤ ለከብት ቀርቶ ለሚነካው ሰውም ጥሩ አይደለም።

ደንበኞቼ ወተቱ ሳይሌጅ ሳይሌጅ ይላል አሉኝ። ምን ዕቃ ልግዛ?

ምንም እህቴ። ሳይሌጁን ከታለቡ በኋላ ስጪ። ቢዶኑንም ክዳኑን ገጥመሽ ከበረት አውጪው።